ተረትና እውነታ፦ ጆሮው የሚጮኽበት ሰው በጊዜ ብዛት ይሻለዋል?

አንዱ «ጆሮዬ ጭው ይልብኛል» ይላል፤ ሌላው «ያፏጭብኛል»፤ ሌላው ደግሞ ሌሊት ሌሊት ሲዝዝ እያለ እንቅልፍ እንደነሳው ይናገራል። አጠገቡ የተኛ ሰው ምንም አይሰማም። ድምፁ ከውጭ የሚመጣ ስላልሆነ ለሌላ ሰው ማሰማት አይቻልም፤ ስለዚህ ብዙዎች ለማንም ሳይናገሩ ይዘውት ይኖራሉ። ሐኪሞች ቲኒተስ የሚሉት ይህንን ነው።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ የበርካታ አገሮችን ጥናቶች ያጠናቀረ ሥራ እንደሚያሳየው ከ100 አዋቂዎች 14ቱ ይህን ድምፅ ያውቁታል። በዓለም ደረጃ ከ740 ሚሊዮን ሰው ይበልጣል ማለት ነው። ክፉኛ የሚያስቸግራቸው ግን ከ100 ሰዎች 2 ያህሉ ናቸው። ይህ ልዩነት ሊታሰብበት ይገባል። አብዛኛው ሰው ድምፁን ይዞ ይሠራል፣ ይተኛል፣ ይስቃል፤ ጥቂቱ ይሰቃያል። ልዩነቱን የሚያመጣው የድምፁ ጉልበት ብቻ አይደለም። ባለሙያዎች ሲለኩት ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው መስማት ከሚጀምርበት ወለል በጥቂት ዴሲቤል ብቻ ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል፤ የድምፁ መጠንና የጭንቀቱ መጠንም አብረው አይሄዱም። ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ብቸኝነትና ከሰው የተሰማ ወሬ ሸክሙን ያከብዱታል። ስለዚህ ወሬውን ከእውነታው መለየት ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

ተረት 1፦ ጆሮ የሚጮኸው ሰው ሲያማን ነው።

እውነታው፦ ለጥቂት ሰከንድ ጭው ብሎ የሚያልፍ ድምፅ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ላይ ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሞሪስ ሄለርና ሞ በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች የመስማት ችግር የሌለባቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚሰሙትን ጠየቋቸው። 94 በመቶዎቹ የሆነ ድምፅ እንደሰሙ ተናገሩ። ፍጹም ጸጥታ ውስጥ የገባ ጆሮ የራሱን አካል ይሰማል። ሳያቋርጥ ለቀናትና ለሳምንታት የሚቆይ ድምፅ ሲሆን ግን ማን እንዳማን ከመገመት ይልቅ በቅርቡ ከባድ ጩኸት አጠገብ ነበርኩ ወይ፣ አዲስ መድኃኒት ጀምሬያለሁ ወይ፣ መስማቴ ቀንሷል ወይ ብሎ ራስን መጠየቅ ይጠቅማል።

ተረት 2፦ የመንፈስ ሥራ ነው፤ አለዚያም የእብደት መጀመሪያ ነው።

እውነታው፦ በውስጠኛው ጆሮ፣ ኮክሊያ በተባለው ጥምዝ አካል ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ 15,000 ያህል ጸጉር መሰል ሕዋሳት አሉ። የሰው ልጅ እነዚህን ሕዋሳት አንዴ ካጣ መልሶ አያበቅላቸውም። ሲጎዱ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት ይቀንሳል፤ አንጎልም የጎደለውን ለማካካስ የራሱን ንቃት ከፍ ያደርጋል። የሚሰማው ጩኸት በአብዛኛው የዚህ ማካካሻ ውጤት ነው ተብሎ ይታመናል። የመስማት ነርቫቸው በቀዶ ሕክምና የተቆረጠ ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ ድምፁን መስማታቸውን መቀጠላቸው፣ ነገሩ ጆሮ ላይ ቢጀምርም አንጎል ውስጥ ሥር እንደሚይዝ ያሳያል።

የሚያዝዝ፣ የሚሳደብ ወይም የሚያስፈራራ የሰው ድምፅ መስማት ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ እሱ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እርዳታ ይፈልጋል። ጭውታ፣ ፉጨትና ሲዝታ ግን የእብደት ምልክት አይደሉም። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ የጆሮ ምርመራውን ግን አይተወው።

ለድምፁ መነሻ ከሚሆኑት ውስጥ መድኃኒቶችም አሉ። ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን፣ ለሳንባ ነቀርሳ በመርፌ ሲሰጡ የቆዩት ስትሬፕቶማይሲንና ካናማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲን፣ በብዛት የተወሰደ አስፕሪንም ጆሮን ሊያስጮኹ ይችላሉ። የአስፕሪኑና የኩዊኒኑ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል፤ የሌሎቹ ጉዳት ቋሚ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ማንም ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ ማቆም የለበትም። ለሐኪሙ ወዲያው ይንገር፤ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

ተረት 3፦ ኩኩ ከተጠረገ፣ ወይም ትኩስ ዘይትና ጤና አዳም ከተጨመረበት ይለቃል።

እውነታው፦ ከፊሉ እውነት ነው። የጆሮ ቱቦን የደፈነ ኩክ ጩኸት ሊያመጣ ይችላል፤ በባለሙያ ሲወጣም ድምፁ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ቤት ውስጥ በክብሪት እንጨት፣ በእስክሪብቶ ክዳን ወይም በጥጥ የተጠቀለለ እንጨት መቆርቆር ግን ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ የጆሮ ታምቡርንም ሊበሳ ይችላል። ትኩስ ዘይት ያቃጥላል። ታምቡሩ ቀድሞ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ የቅጠል ጭማቂም ሆነ ዘይት ወደ መካከለኛው ጆሮ ገብቶ ኢንፌክሽን ያስከትላል። መግል የሚወጣው ጆሮ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምንም ነገር አይጨመርም።

ተረት 4፦ የለመደ ጆሮ ጩኸት አይጎዳውም።

እውነታው፦ በወፍጮ ቤት፣ በብረታ ብረት ሥራ፣ በጭፈራ ቤት ድምፅ ማጉያ ሥር የሚውል ሰው «አሁንማ ለመድኩት» ሲል ብዙ ጊዜ መስማቱ እየቀነሰ ነው። በሥራ ቦታ ጤና የሚታወቀው መመሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከባድ መሣሪያ አጠገቡ የተተኮሰበት ወታደር በአንድ ቅጽበት ሊጎዳ ይችላል። ኢርፎን ከፍቶ የሚያዳምጥ ወጣትም ከዚህ አያመልጥም። ጆሮው ቀድሞ የሚጮኽበት ሰው መከላከያ ማድረጉ ባለው ላይ ሌላ ጉዳት እንዳይጨመር ይረዳዋል።

ተረት 5፦ ጸጥ ያለ ቦታ መዋልና ጆሮን መድፈን ያሳርፋል፤ ቡናም መተው አለበት።

እውነታው፦ ጸጥታ ለዚህ ችግር አይበጅም። በዙሪያው ሌላ ድምፅ ከሌለ አንጎል የሚሰማው የራሱን ጩኸት ብቻ ነው። ጆሮን ቀኑን ሙሉ መድፈን ደግሞ ጆሮ ለተራ ድምፅ ሁሉ ይበልጥ እንዲደነግጥ ያደርገዋል። መከላከያ ለከባድ ጩኸት ብቻ ነው። ሌሊት ሬዲዮ በጣም ቀንሶ መክፈት፣ ማራገቢያ ማስነሳት፣ የዝናብ ድምፅ በስልክ ማጫወት ይረዳል። ድምፁ ጩኸቱን ፈጽሞ ይሸፍነው አይባልም፤ አጠገቡ ሆኖ ጎላ ብሎ እንዳይወጣ ካደረገው በቂ ነው።

ቡናን በተመለከተ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ራሱን ይቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ከ65,000 በላይ አሜሪካውያን ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ካፌይን አብዝተው የሚወስዱት ላይ ቲኒተስ በብዛት ሲጀምር አላየም፤ እንዲያውም አነስ ብሎ ነው የተገኘው። ይህ ቡና መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ቡናን በድንገት መተው ግን ራስ ምታትና ብስጭት ያመጣል፤ ያ ደግሞ ጩኸቱን ያጎላዋል። የማታው ቡና እንቅልፍ ከነሳ እሱን መቀነስ ተገቢ ነው። የቀኑ የቡና ሥርዓት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚጨዋወትበት ሰዓት ግን ለጆሮውም ለመንፈሱም ጠቃሚ ነው።

ተረት 6፦ ትንሽ ብትታገስ ፈጽሞ ይጠፋል።

እውነታው፦ በከባድ ጩኸት ምክንያት ለአንድ ቀን የመጣ፣ በኩክ ወይም በመድኃኒት የተነሣ ጭውታ ሊጠፋ ይችላል። ለወራት የቆየው ግን ሌላ ነው። በብሪታንያ ዩኬ ባዮባንክ በተባለው ትልቅ የጤና ጥናት ውስጥ ጆሯቸው የሚጮኽባቸው በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ተጠይቀው ነበር። 18 በመቶ ያህሉ ድምፁ እንደጠፋላቸው ተናግረዋል። ከቀጠለባቸው ውስጥ ብዙዎቹ ለውጥ አላዩም፤ የተሻላቸውና የባሰባቸው ቁጥራቸው ተቀራራቢ ነበር። ጠዋት በተነሡ ቁጥር «ዛሬ ጠፋ ወይ?» ብለው ጆሯቸውን የሚፈትሹ ሰዎች ለዚህ ነው የሚደክሙት። ፍተሻው ራሱ አንጎልን ድምፁን እንዲጠብቅ ያስተምረዋል።

ተረት 7፦ አንዴ ከጀመረ ምንም አይደረግለትም።

እውነታው፦ ከሁሉም ጎጂው ተረት ይህ ነው፤ አንዳንዴም ከጤና ባለሙያ አፍ ይወጣል። የድምፁ መቆየትና የሥቃዩ መቆየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንጎል ቀኑን ሙሉ ከሚደርሱት ድምፆች የትኛው አስጊ እንደሆነ ይመርጣል። አስፋልት ዳር የሚኖር ሰው ከጊዜ በኋላ የጭነት መኪናው ሲያልፍ አይሰማውም፤ የልጁ ለቅሶ ግን ከእንቅልፉ ያነቃዋል። ፓቬል ያስትሬቦፍ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ሐሳብ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው፦ ጩኸቱ የሚያሰቃየው አንጎል እንደ አደጋ ምልክት ሲይዘው፣ ከፍርሃትና ከንቃት ጋር ሲያቆራኘው ነው። ቁርኝቱ ከላላ ድምፁ እዚያው እያለ አንጎል ቸል ይለዋል። ይህ ልምምድ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ወራት ይፈልጋል፤ ሆኖም ብዙ ሰው ይደርስበታል። ሕክምና ሳይጀምሩ ተራ ሲጠብቁ የቆዩ ሰዎችን መረጃ የሰበሰበ ጥናት እንኳ ጭንቀታቸው በጊዜ ብዛት በትንሹም ቢሆን እንደሚቀንስ አግኝቷል።

ጊዜውን በሥራ ማገዝ ደግሞ ውጤቱን ያጎላዋል። የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው የምክር ሕክምና በተሻለ መረጃ የተደገፈው ነው። ኮክሬን የተባለው ገለልተኛ የሕክምና መረጃ ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 28 ጥናቶችን መርምሮ ይህ ሕክምና ቲኒተስ በኑሮ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ሊቀንስ እንደሚችል ደምድሟል። ድምፁን አይቀንስም፤ ሰውየው ለድምፁ የሚሰጠውን ምላሽ ግን ይለውጣል። መስማቱ ለቀነሰ ሰው የመስማት ማገዣ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ከውጭ የሚገባው ድምፅ ሲጨምር የውስጡ ጩኸት ወደ ኋላ ይላል፣ ጨዋታ ለመከታተል የሚጠፋው ጉልበትም ይድናል።

በመካከል ክፉ ቀናት ይመጣሉ። ጉንፋን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘን ወይም የሥራ ጫና ድምፁን ለጥቂት ቀናት ሊያጎሉት ይችላሉ። ይህ ወደ መጀመሪያው መመለስ አይደለም፤ ምክንያቱ ሲያልፍ እሱም አብሮ ይረግባል።

ተረት 8፦ የሚያጠፋው ክኒን አለ።

እውነታው፦ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለቲኒተስ ብሎ ያጸደቀው መድኃኒት እስከ አሁን የለም። የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ጊንኮ ቢሎባ፣ ሜላቶኒን፣ ዚንክና ሌሎች ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ለዚህ ችግር እንዳይታዘዙ መክሯል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በብዙ ገንዘብ እየገዛ የሚልከው ጠርሙስ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ፣ ገንዘቡ ለመስማት ምርመራ ቢውል ይሻላል።

መቼ ነው መፍጠን የሚገባው?

አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በድንገት መስማት ካቆመ ድንገተኛ ሕመም ነው። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሆነ፣ «ብርድ ነው» ብሎ መጠበቅ ጆሮን ሊያሳጣ ይችላል። ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ድምፅ የደም ሥር፣ የደም ግፊት ወይም የደም ማነስ ምርመራ ይፈልጋል። በአንድ ጆሮ ብቻ ሳያቋርጥ የሚቆይ ጩኸት፣ ከማዞርና ከማስመለስ ጋር የሚመጣ፣ ከጭንቅላት ጉዳት ወይም ከፊት መጣመም በኋላ የጀመረም እንዲሁ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በድምፁ ምክንያት ሕይወት ያስጠላው፣ ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ሰው ደግሞ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

እንግዲህ ይሻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ እውነተኛው መልስ፣ ድምፁ ሊቀር ይችላል፣ ኑሮን መቆጣጠሩ ግን ይቀንሳል የሚል ነው። መሻልን በድምፁ መጠን የሚለካ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። በስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ሳያስበው ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ እንደተጫወተ የሚለካ ሰው ግን ለውጡን ያየዋል። ቤተሰብም «እኔ ምንም አይሰማኝም» ብሎ አያጣጥለው። ሐኪምም «ልመደው» ብሎ ብቻ አይሸኘው፤ ልመድ ያለውን እንዴት እንደሚለምድ ያሳየው። መስማቱን ይመርምርለት፣ አደገኛ ምልክት አለመኖሩን ያረጋግጥለት፣ ከዚያም «አያሳብድህም፤ ሸክሙን የምናቀልበት መንገድ አለ» ይበለው። ይህን መናገር መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም፤ ሕክምናውም ከዚህ ይጀምራል።