የመጠጥ ቤት ባላንጣ የነበረው ሙዚየም

ለንደን ውስጥ ሙዚየም ማታ ክፍት እንዲሆን የታገለው ሰው ዓላማው ሕዝቡን ከመጠጥ ቤት ማራቅ ነበር። ሄንሪ ኮል ይባላል፤ ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የምንለው ሙዚየም በ1857 በሳውዝ ኬንሲንግተን ሲከፈት የመጀመሪያው ዳይሬክተር እሱ ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ፣ ሰዓቶቹን ግን እንደ እኛ ነው የምጽፈው።) ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውል ሰው ሥዕል ሊያይ የሚችለው ማታ ነው። ማታ ደግሞ በመስታወትና በመብራት ያሸበረቀው የጂን መጠጥ ቤት በየጥጉ ይጠብቀዋል። ኮል ጂን ቤቱን የገጠመው በራሱ መሣሪያ ነው። የሥዕል ክፍሎቹን በጋዝ መብራት አስበራና ሠራተኛው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይምጣ አለ። ጋዙ ሥዕል ያበላሻል ብለው የፈሩ ነበሩ፤ ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዳይ ያለበት ኮሚሽን መርምሮ በ1859 በአግባቡ ከተሠራ ችግር የለውም የሚል መልስ ሰጠ።

ያው ሙዚየም ዛሬ ዓርብ ዓርብ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነው። በብዙዎቹ ወሮች የመጨረሻ ዓርብ ላይ ደግሞ ዲጄ ይቆማል፣ መጠጥም ይሸጣል። ባላንጣዎቹ ታርቀው በአንድ ምሽት አብረው የሚሠሩ ሆነዋል። ሥዕል አይቶ ኮክቴል ወደሚጠጡበት ማለፍ በትልልቆቹ ከተሞች የታወቀ የምሽት ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙን የሚወስነው የሙዚየሙ በር እንጂ ባሩ አይደለም፤ ባር ሁልጊዜም ከሙዚየም በኋላ ነው የሚዘጋው። ፓሪስ ላይ ሉቭር ረቡዕና ዓርብ እስከ 3 ሰዓት፣ የኦርሴ ሙዚየም ደግሞ ሐሙስ እስከ 4 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ያመሻሉ። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ ዓርብ እስከ 3 ሰዓት ነው። በዓመት አንድ ሌሊት ከተማውን በሙሉ የሚያስከፍቱም አሉ፤ በርሊን በ1997 ረጅሙን የሙዚየሞች ሌሊት ጀመረች፣ ፓሪስ በ2002 ነጩን ሌሊት። እነዚህ ግን ግርግር ይበዛባቸዋል። ረጋ ብሎ ሥዕል ለማየት ተራ ዓርብ ይሻላል።

ነገሩ በደንብ የተሰናሰለው ኒው ዮርክ ነው። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ዓርብና ቅዳሜ እስከ 3 ሰዓት ክፍት ነው። ከበሩ ወጥተው ፊፍዝ አቬኑን ስድስት ብሎክ ያህል ወደ ደቡብ ቢወርዱና አንድ ብሎክ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፉ ካርላይል ሆቴል ይደርሳሉ፤ ባሩ ቤሜልማንስ ይባላል። ሉድቪግ ቤሜልማንስ የማደሊንን የሕፃናት መጻሕፍት የጻፈና የሣለ ሰው ነው። በ1947 የባሩን ግድግዳ ሲሥል የተከፈለው በገንዘብ አልነበረም፤ እሱና ቤተሰቡ ለዓመት ተኩል በሆቴሉ ኖሩበት። ግድግዳው ላይ ሴንትራል ፓርክ አለ፦ ጥንቸሎች ሣር ላይ ምሳቸውን ዘርግተው ይበላሉ፣ ዝሆኖች በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ። ጣራው በወርቅ ቅብ ተለብጧል፣ የጠረጴዛ መብራቶቹ ቆብ ሳይቀር ሥዕል አለበት። ለአንድ ኮክቴል ከ20 ዶላር በላይ ይከፈላል፤ ማታ ፒያኖው ሲጀምር የመቀመጫም ይጨመርበታል። ውድ ነው። ግን ሙዚየሙ ውስጥ ሲያዩት ያመሹት ነገር እዚህም አጠገብዎ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል።

ሁለተኛው እንዲህ ያለ ጥንድ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየሙ ሞማና ሆቴል ውስጥ ያለው ኪንግ ኮል ባር ናቸው፤ ሞማ ዓርብ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያመሻል፣ ባሩ ከዚያ የጥቂት ደቂቃ እግር መንገድ ነው። ከባንኮኒው በስተጀርባ ዘጠኝ ሜትር ያህል የሚረዝም የማክስፊልድ ፓሪሽ ሥዕል ተዘርግቷል። ያሠራው ኋላ ከታይታኒክ ጋር የሰጠመው ባለጸጋ ጆን ጄከብ አስተር ነው። በ1906 ሲያልቅ የታሰበው ለሌላ ሆቴል ነበር፣ በ1932 ወደዚህ መጣ። ባሩ የተሰየመበት ንጉሥ ኮል ዙፋኑ ላይ ፊቱን ለየት አድርጎ ተቀምጧል፤ አሽከሮቹም ሳቃቸውን የዋጡ ይመስላሉ። ንጉሡ ፈስቶ ነው እያሉ የባሩ ሰዎች ለእንግዳ ያጫውታሉ። ሥዕሉን ከጨዋታው ለይቶ ማየት ከዚያ በኋላ ያስቸግራል።

ዊትኒ ሙዚየም ዓርብ ከ11 እስከ 4 ሰዓት በነፃ ያስገባል። እዚህ የእኛም ሰው እጅ አለበት፦ በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በታች የሆኑ ሁልጊዜ በነፃ እንዲገቡ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥታለች። በነፃ ገብቶ የቲኬቱን ገንዘብ ለመጠጡ ማዋል ይቻላል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን 21 ዓመት ያልሞላው ባንኮኒ ላይ ለስላሳ ነው የሚቀርብለት።

የግል ጋለሪዎች ደንብ ሌላ ነው። በኒው ዮርኩ ቼልሲ ኤግዚቢሽን የሚከፈተው በአብዛኛው ሐሙስ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ሲሆን የመግቢያ ክፍያ የለውም። ወይን በፕላስቲክ ብርጭቆ ይዞራል፤ ቀዩ ሸራና ወለል ስለሚያበላሽ ነጩ ይበዛል። ሕዝቡ የሚተያየው እርስ በርሱ ስለሆነ ሥዕሉን ለማየት በማግስቱ መመለስ ያስፈልጋል። ስለ ሥዕሉ የሚወራው ሌላ ቤት ነው፤ ድሮም ሠዓሊዎቹ ፖሎክና ደ ኩኒንግ የሚከራከሩት ሲዳር ታቨርን በሚባለው መጠጥ ቤት ቢራ ይዘው ነበር።

ለአንድ ምሽት አንድ ሥዕል ብቻ ምረጥ ብባል ለንደን ኮርቶልድ ያለውን የኤድዋር ማኔን «የፎሊ በርዤር ባር» እመርጣለሁ። ማኔ በ1882 ሣለው። እብነ በረዱ ባንኮኒ ላይ ሻምፓኝ፣ ቀይ ሦስት ማዕዘን ምልክት ያለው የእንግሊዝ ቢራ፣ በመስታወት ሳህን ብርቱካን ተደርድሯል፤ በስተግራ ባለው ጠርሙስ ልጥፍ ላይ ሠዓሊው ስሙን ፈርሟል። ሻጯ ልጅ ቆማለች፣ ሐሳቧ ግን እዚያ የለም። ከኋላዋ ሙሉ መስታወት አለ፤ ምስሏ ያለ ቦታው ወደ ቀኝ ሸሽቶ ቆብ ካደረገ ሰው ጋር ያወራል። ያ ሰው የቆመው እርስዎ የቆሙበት ላይ ነው። ሙዚየሙ በ12 ሰዓት ስለሚዘጋ ቀደም ብሎ መድረስ ይገባል። ትንሽ ርቆ ስትራንድ ላይ ሳቮይ ሆቴል አለ፤ የአሜሪካን ባሩ ኃላፊ ሃሪ ክራዶክ በ1930 ያሳተመው የኮክቴል መጽሐፍ ዛሬም ባርማኖች የሚያገላብጡት ነው። ከማኔ ሥዕል ወጥቶ የትኛውም ባንኮኒ ጋ የተቀመጠ ሰው መጠጡን የሚቀዳለትን ሰው ፊት አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም።

ቬኒስ ደግሞ ሠዓሊዎቹን ራሳቸውን ጠጥታቸዋለች፦ የሃሪስ ባር ባለቤት ጁዜፔ ቺፕሪያኒ ኮክና አረፋ የሚያወጣ ወይን ቀላቅሎ በጆቫኒ ቤሊኒ ስም ጠራው፤ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ሲያቀርብ ደግሞ በካርፓቾ።

አዲስ አበባ ውስጥ ኮክቴል የሆቴል ነገር ነው። በገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልም ሆነ በአሊያንስ ኤግዚቢሽን ሲከፈት ንግግር ይበዛል፣ ጨዋታው የሚደራው ግን በኋላ ድራፍት ላይ ነው። ሥዕሉንና መጠጡን አንድ ግቢ ያስገባቸው የካሳንቺሱ ፈንድቃ ነበር። መላኩ በላይ በተወዛዋዥነት የገባበትን አዝማሪ ቤት ኋላ ተረክቦ፣ ጋለሪ ጨምሮበት የባህል ማዕከል አደረገው። ሰፈሩ ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። መላኩ በወጣትነቱ እዚያው ቤት ባንኮኒው ሥር ያድር ነበር።