ከደምበጫ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ ተማሪ የሚጠፋባቸው መሻገሪያዎች



የዛሬው ንግግሬ ስለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ብቻ ቢሆን ኖሮ ባጠረ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 30 ሺህ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እነዚህን ቁጥሮች ያልሰማ ቤተሰብ የለም። ቁጥሮቹ ግን ተማሪው የት እንደ ደረሰ እንጂ የት ላይ እንደ ጠፋ አይነግሩንም። እኔ እንደምረዳው፣ ከገጠር የሚመጣ ተማሪ በፈተና ቀን አይወድቅም። ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው በሚሻገርባቸው ጥቂት ቦታዎች፣ እጁን የሚይዘው ሰው ባጣበት ሰዓት ይጠፋል።

የመጀመሪያው መሻገሪያ ዘጠነኛ ክፍል ነው። በዙሪያችን ካሉት ቀበሌዎች ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ወደ ከተማ ይገባል፤ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ እየተመለሰ እንጀራውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመጣል። ዕድሜው አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ነው። ገንዘብ ያዡ እሱ፣ ወጥ ሠሪው እሱ፣ ጥናቱን የሚቆጣጠረውም ራሱ እሱ ነው። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ከክፍል የሚቀረውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን ከመመዝገባችን በፊት ስንቁ ማለቁን መጠየቅ ይገባን ነበር። ለሴት ልጅ ሸክሙ ይብሳል። በኪራይ ቤት ብቻዋን መኖሯ ወላጅን እንቅልፍ ይነሣል፤ ወቅቱም የጋብቻ ጠያቂ ደጅ የሚመላለስበት ነው። «አንድ ዓመት ትቆይ» የተባለች ልጅ ስንቷ ተመልሳ እንደ ገባች መምህራን ታውቃላችሁ።

በዚያው መስከረም የትምህርቱ ቋንቋም ይለወጣል። ልጁ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ በሚገባ ያውቃል፤ ያወቀው ግን «ብርሃን አስተፃምሮ» በሚለው ስም ነው። አሁን መጽሐፉ «ፎቶሲንተሲስ» ይለዋል፤ ማብራሪያውም በእንግሊዝኛ ነው። የሚያውቀውን ነገር እንደማያውቅ ሆኖ ይቀመጣል። ጥቂት ወራት እንዲህ ከተቀመጠ በኋላ በእርግጥም አያውቅም። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፦ በክረምቱ ወራት የየትምህርቱን ዋና ዋና ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ማስጠናት ነው። ይህን ለማድረግ መመሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን የሆነውን ታውቁታላችሁ። በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ፤ ብዙ ተማሪዎችም ለፈተና ሳይቀመጡ ቀሩ። ሁለት ዓመት ያጣ ወጣት ሲመለስ ከእሱ ከሚያንሱ ልጆች ጋር መቀመጥ ያፍራል። ይህን እፍረት በማስታወቂያ ሰሌዳ ማስወገድ አይቻልም፤ ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ካልጠራው አይመጣም።

ስለ ፈተናው ጥቂት ልበል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ዩኒቨርሲቲን መጀመሪያ የሚያዩት በፍተሻ ገብተው፣ ተፈትነው ሲወጡ ነው። ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን አያዩም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሪሚዲያል» የምንለው፣ ለማለፊያው ለቀረቡት ሁለተኛ በር ከፍቷል። ሆኖም የአራት ዓመት ክፍተት በአራት ወር ይሞላል ብሎ ማሰብ የዋህነት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ጎጃም ድኻ ልጅን ከቤቱ ርቆ እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ዛሬ የሚማር አገር አይደለም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የቅኔ ተማሪ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍባቸው ጉባኤዎች ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ ለምኖ ይማር ነበር። ያ ሕይወት መራራ ነበር፤ ረኀቡና ተስቦው ብዙዎችን ቀጥፏል፤ ሴቶችንም ከሞላ ጎደል በሩ ላይ አስቀርቷል። ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በስም የሚጠቀሱትም እንደ እሳቸው ያሉት እጅግ ጥቂት ስለ ነበሩ ነው። ስለዚህ ያ ዘመን ይመለስ አልልም። አንድ ነገሩን ግን ልብ በሉ፦ ጀማሪው ብቻውን አልነበረም። የበሰለው ተማሪ ግሥ ያስጠናዋል፤ ጎጆውን ከጓደኞቹ ጋር ይሠራል፤ ሲታመም ያስታምሙታል። ከመምህሩ በፊት መቅረቱን የሚያውቅ ሰው ነበረው።

ዘመናዊው ትምህርትም ይህን ፈጽሞ አልዘነጋም ነበር። በአዲስ አበባ የነበረው የልዑል በዕደ ማርያም ላብራቶሪ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ብርቱ ተማሪዎችን መርጦ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ግቢ እያሳደረ ያስተምር ነበር። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለግቢው ባዕድ አይሆንም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ስለ ነበር፣ ብዙ የገጠር ልጅ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወጣት በዓይኑ ያየው በክፍሉ ውስጥ አስተማሪው ሆኖ ነው። ዛሬ ያሉት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ሥራ በከፊል ይሠራሉ፤ የሚወስዱት ግን አስቀድሞ የላቀውን ልጅ ነው። መካከለኛው እዚሁ ይቀራል።

የመጨረሻው መሻገሪያ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ መንፈቅ ነው። እዚህ ላይ ወላጆች በተለይ ስሙኝ። ልጃችሁ ስለ ወጪ መጋራት ውል ሲፈርም ያን ጊዜውኑ የሚከፈል ዕዳ አይደለም፤ ክፍያው ከተመረቀ በኋላ ነው። ይህን ባለማወቅ በሬ ለመሸጥ የሚነሣ አባት እንዳይኖር። ተማሪውም ምዝገባ በሬጅስትራር በኩል መሆኑን፣ የመጀመሪያው ፈተና ከጠበቀው ቀድሞ እንደሚመጣ፣ ያልገባውን መምህሩን በቢሮው ሄዶ መጠየቅ ድፍረት እንዳልሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። የከተማ ልጅ ይህን ከወንድሙ ይሰማል። የእኛ ልጅ ግን በቤተሰቡ የመጀመሪያው ነው፤ የመጀመሪያ ውጤቱ ዝቅ ሲል «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ብሎ ሻንጣውን ያነሣል፤ ለቤተሰቡም አይነግርም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በዚህ አዳራሽ ከሁለተኛ ዓመት በላይ የሆናችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አላችሁ። እያንዳንዳችሁ ከዚህ ወረዳ ሁለት ልጆችን ያዙ፦ አንዱን ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ፣ አንዱን ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ። የመጀመሪያውን ክረምት ላይ ቃላቱን አስጠኑት፤ ሁለተኛውን ምደባው ከተነገረ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው መንፈቅ ፈተና በየሳምንቱ ደውሉለት። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ስማችሁንና የምትማሩበትን ዩኒቨርሲቲ የምትጽፉበት መዝገብ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።