ካቴናና ወንፈል፦ የሰሜን ለንደን ሞተረኞች ነገር

ስለ ሞተር ሳይክል ልጽፍ ነው ስል አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ፊታችሁን እንደምታዞሩ ይገባኛል። በእኛ ዘንድ «ዶቅዶቄ» ወይ የትራፊክ ፖሊስ፣ ወይ የመልእክተኛ፣ ካልሆነም የወላጁን ምክር ያልሰማ ልጅ መጓጓዣ ናት። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 2019) ፈቃድ ያላወጡ ሞተሮችን ከመንገድ ስታግድ የተሰጠው ምክንያት ወንጀል ስለነበር፣ የዶቅዶቄ ስም ከዚያ ወዲህ ጨርሶ አላማረም። እኔ በምኖርበት በኤድመንተን ግን ሞተር የእንጀራ ጉዳይ ነው። ማታ በፎር ስትሪት ያለፈ ሰው በየምግብ ቤቱ ደጃፍ፣ ከኋላቸው ሣጥን የተጫነባቸውና «ኤል» የሚል ቀይ ፊደል የተለጠፈባቸው ትንንሽ ሞተሮች ተደርድረው ያያል። ከነጂዎቹ መካከል የእኛ ልጆች አሉበት። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በአብዛኛው ለእነርሱ ዘመዶች ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። ብሪታንያ ውስጥ ጊዜያዊ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረውን «ሲ.ቢ.ቲ.» የሚባለውን የግዴታ መሠረታዊ ሥልጠና ይወስድና፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ወረቀቱን ይዞ ይወጣል። ዕድሜው 17 ከሞላ በዚያ ወረቀት እስከ 125 ሲሲ የሚደርስ ሞተር ለሁለት ዓመት መንዳት ይችላል። ሰው ማፈናጠጥና ሞተርዌይ ላይ መውጣት ግን ክልክል ነው። ኖርዝ ሰርኩላር (ኤ406) በኤድመንተን መሀል የሚያልፍ፣ የከባድ መኪና መዓት የሚጎርፍበት መንገድ ቢሆንም በሕግ ሞተርዌይ አይደለም። ስለዚህ በኅዳር ዝናብ፣ በጨለማ፣ ፒዛው እንዳይቀዘቅዝ እየተጣደፈ እዚያ ላይ የሚጋፋው ልጅ ጠቅላላ የሞተር ትምህርቱ አንድ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያች አንድ ቀን ስለ ጥገና የሚነገረው ዘይትና ጎማ ማየትን አያልፍም። የቀረውን የሚያስተምረው ወይ ሌላ ሞተረኛ ነው፣ ወይ አደጋ።

ሞተረኛ ሞተረኛን ማስተማሩ ደግሞ በዚህ አካባቢ ሥር የሰደደ ልማድ ነው። በኖርዝ ሰርኩላር ወደ ምዕራብ ስትነዱ ስቶንብሪጅ አጠገብ «ኤስ ካፌ» የሚባለውን ታገኛላችሁ። በ1938 ለመንገደኛ ተብሎ የተከፈተ ነው። በ1940 በአየር ድብደባ ወደመ፣ በ1949 እንደገና ተሠራ፣ በ1969 ተዘጋ፣ በ2001 ደግሞ ተመልሶ ተከፈተ። በሃምሳዎቹና በስልሳዎቹ የሠራተኛ ልጆች በደመወዛቸው ሞተር እየገዙ እዚያ ይሰበሰቡ ነበር፤ ጋዜጣውም ወሮበላ ይላቸው ነበር። ራሳቸው ሞተር ይነዱ የነበሩት የአንግሊካኑ ቄስ ቢል ሸርጎልድ ግን እነዚህን ልጆች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊጋብዙ እዚያው ካፌ ድረስ ሄዱ። በ1962 በምሥራቅ ለንደን በሃክኒ ዊክ፣ «59 ክለብ» በተባለው የወጣቶች ማኅበር ውስጥ የሞተረኞች ክፍል አቋቋሙ። (የእኛ አባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው በዶቅዶቄ ሲመጡ ይታያችሁ!)

በነገራችን ላይ፣ ኤድመንተን ከ1965 ጀምሮ የኤንፊልድ ቦሮ አካል ስለሆነች፣ ሮያል ኤንፊልድ የተባለው ሞተር እዚሁ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሞተሩ ከኤንፊልድ ያገኘው ስሙን ብቻ ነው፤ እሱም ከመንግሥት የጠመንጃ ፋብሪካ የተወሰደ ነው። ፋብሪካው ሬዲች በምትባል ሌላ ከተማ ነበር። ዛሬ ደግሞ የሚሠራው ሕንድ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። እሑድ ጠዋት ከዚህ የሚነሱ ሞተረኞች ብዙ ጊዜ የሚይዙት መንገድ በሁለቱ ትልልቅ የውኃ ማጠራቀሚያዎች መካከል የሚያልፈውን የሊ ቫሊ መንገድ ነው። ከዚያ በቺንግፈርድ አድርገው ወደ ኤፒንግ ደን፣ ሃይ ቢች ወደሚባለው ስፍራ ይወጣሉ። የብሪታንያ የመጀመሪያው የስፒድዌይ ውድድር ነው የሚባለው የካቲት 1928 የተካሄደው እዚያ ነው። አሁን የሚኬደው ለሻይ ነው። ጉዞው አጭር ቢሆንም በቡድን መንዳት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱን የማያውቅ ቡድን ብቻውን ከሚነዳ ሰው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። ቀጥ ባለ መንገድ ሞተሮች አንዱ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ እየሆኑ በዚግዛግ ይሰለፋሉ። ከጎን ካለው አንድ ሰከንድ፣ በቀጥታ ከፊት ካለው ሁለት ሰከንድ ይራራቃሉ። ሲዘንብ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል፤ በጠመዝማዛና በጠባብ መንገድ ደግሞ ዚግዛጉ ቀርቶ ሁሉም በአንድ መስመር ይከታተላል። እንግዲህ 12 ሞተሮች በሰዓት 30 ማይል ቢነዱ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 150 ሜትር ያህል ይሆናል። 150 ሜትር ሰልፍ በአንድ አረንጓዴ መብራት አያልፍም። ስለዚህ ግማሹ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው እንዳይጠፋ ይፈጥናል፣ ከእርሱ ኋላ ያለው ደግሞ የበለጠ ይፈጥናል። ሰልፉ እንደ አኮርዲዮን ይሳባል ይጨመቃል፤ ጭራ ላይ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ልምድ የሌለው ልጅ፣ ቀይ መብራት ይጥሳል።

መፍትሔው በጣም ቀላል ነው፤ እንደ መሐንዲስ በቅንዓት ነው የማየው። አንድ መሪና አንድ ጭራ ይመረጣሉ፣ እነርሱ ቦታ አይቀይሩም። መሪው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ሞተረኛ አስተማማኝ ቦታ ይዞ ይቆምና አቅጣጫ ያሳያል። ሌሎቹ ሁሉ አልፈውት ጭራው እስኪመጣ አይንቀሳቀስም፤ ሲመጣ ከጭራው ፊት ይገባል። በሚቀጥለው መታጠፊያ አዲሱ ሁለተኛ እንዲሁ ያደርጋል። በዚህ ዘዴ ማንም ከፊቱ ያለውን ማየት አይጠበቅበትም። መብራት ቢይዘውም መንገድ የሚያሳየው ሰው እየጠበቀው እንደሆነ ስለሚያውቅ አይጣደፍም። ማንም ስልክ አያይም። መሪው ማወቅ ያለበት ከቡድኑ ውስጥ «ኤል» የለጠፈ ካለ መንገዱ በኤም25 እንዳያልፍ ብቻ ነው።

ከሻይ በኋላ የሚመጣው ወሬ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ካቴና። «ጋሼ፣ ካቴናዬ እየጮኸ ነው፤ ላጥብቀው?» ይለኛል አንዱ። መልሴ «አታጥብቀው፣ መጀመሪያ ለካው» ነው። ለምን? የኋላው ጎማ የተሰካው ከሻሲው ጋር በማጠፊያ በተያያዘ፣ ወደ ላይና ወደ ታች በሚወዛወዝ ክንድ ላይ ነው። ካቴናውን የሚያዞረው የፊተኛው ባለጥርስ ክብ ግን ከማጠፊያው ፊት ለፊት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ነው ያለው። ሁለቱ ማዕከሎች አንድ ስላልሆኑ፣ ክንዱ ሲንቀሳቀስ በፊተኛው ክብና በኋላው አክሰል መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል። ርቀቱ የሚበዛው ሦስቱ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። ሰው ሳይቀመጥበት አክሰሉ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ይንጠለጠላል። ነጂውና ሣጥኑ ሲጫኑት ወደዚያ መስመር ይቀርባል፣ ካቴናውም ይወጠራል። እንግዲህ በቆመበት «ልክ ነው» ተብሎ የተወጠረ ካቴና ጉድጓድ ሲያጋጥመው የሚሄድበት የለውም። የሚጎትተው ከፊተኛው ክብ ኋላ ያለውን ኩሽኔታ ነው። ያ ኩሽኔታ ከተበላ ሞተሩ መፈታት አለበት፤ ወጪው የአንድ አሮጌ 125 ዋጋ ሊያክል ይችላል።

በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የታችኛው ካቴና መሀሉ ላይ በጣት ሲገፋ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር መንቀሳቀስ አለበት። ትክክለኛው ቁጥር ግን በሞተሩ መመሪያ ወይም ክንዱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ያለው ነው። ካቴና እኩል ስለማያልቅ ጎማውን እያዞራችሁ ብዙ ቦታ ለኩ፤ የሚታመነው በጣም የጠበቀው ቦታ ነው። ከመጠን በላይ የላላ ደግሞ ከጥርሱ ወጥቶ የኋላውን ጎማ ሊቆልፍ ይችላል፤ ይህ በኖርዝ ሰርኩላር ላይ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። ከሁሉ በላይ፦ ሞተሩ በርቶ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ካቴናው እየዞረ በጨርቅ መጥረግ ጣት ያስቆርጣል። ሞተር ይጥፋ፣ ማርሽ ይውጣ፣ ጎማ በእጅ ይዙር።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ ልማድም አለ፤ ሁሉን ነገር በቤንዚን ማጠብ። ብዙዎቹ የዛሬ ካቴናዎች በየመጋጠሚያቸው ግራሶውን አምቀው የሚይዙ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች አሏቸው። ቤንዚን ቀለበቶቹን ያበላሻል፤ ግራሶው ይወጣል፣ ካቴናው ከውስጥ ዝጎ ይጮኻል። ነጭ ጋዝ ግን አይጎዳቸውም። በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ የካቴና ዘይት መቀባት ነው። (ሞተራቸው ማርሽ የሌለው ስኩተር የሆነ ይህን ሁሉ ይዝለሉት፤ የእነርሱ ቺንጋ በሽፋን ውስጥ ነው፣ የሚቀየረውም በመመሪያው በተጻፈው ርቀት ነው።)

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የእኛ መካኒክ ካቴና፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታ የሚለው በጣሊያንኛ ነው። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ ችግሩን አሳምሮ እያወቀ፣ ኤድመንተን መለዋወጫ መሸጫ ሲገባ ዕቃውን በስሙ መጥራት ያቅተዋል። ሻጩም አላዋቂ ያደርገዋል። አንድ ሰው አብሮት ገብቶ ስሙን ቢነግረው ያ ልጅ ከብዙዎቻችን የተሻለ መካኒክ ነው።

ምክር መቀበልም ዳኝነት ይፈልጋል። ዘይት፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ባትሪ ከሆነ ጎረቤት ይበቃል። ፍሬን ግን ሌላ ነው። የፍሬን ፈሳሽ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ ከፍሬኑ ሙቀት የተነሳ ያ ውኃ ሲፈላ አረፋ ይሆንና እጀታው ባዶውን ይገባል። ስለዚህ አብዛኞቹ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር ይላሉ። ሲቀየር ደግሞ አየር መቅረት የለበትም፤ ይህን ሥራ ከዚህ በፊት የሠራ ሰው አጠገባችሁ ሳይቆም አትንኩት። ምግብ የሚያደርስ ሰው ኢንሹራንሱ ሥራውን የሚሸፍን መሆኑንም ይጠይቅ፤ ተራው ኢንሹራንስ አይሸፍነውም።

የመሣሪያ ነገር ይቀራል። ሁሉም ሁሉን መግዛት የለበትም። አገራችን ገበሬው ዛሬ አንተ ማሳ፣ ነገ እኔ ማሳ እየተባባለ የሚሠራውን ወንፈል እዚህም መትከል ይቻላል። ካቴና መቁረጫ የአንዱ፣ የኋላ ማንሻ የሌላው፣ ብሎን በልክ የሚያጠብቀው ባለቁጥር መፍቻ የሦስተኛው ይሁን። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያስፈልጋል። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ብረት ነው፣ የሚገባበት ግን አሉሚኒየም ነው፤ በጉልበት ያጠበቀው ሰው ጥርሱን ይልጠዋል። ጥርሱ ግራሶ ከተቀባ ደግሞ በዚያው ቁጥር ብሎኑ ይበልጥ ይወጠራል፤ ስለዚህ መመሪያው ቀቡ ካላለ በደረቁ ይታሰር። መፍቻውን ለባለቤቱ ስትመልሱ ጠምዝዛችሁ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር አውርዱት፤ ውስጡ ያለው ሞላ ተወጥሮ ከከረመ ልኩን ይስታል።