የሰንጠረዥ መዝገብ ሥራ ስለሚያፋጥኑ ዘዴዎች



የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መጠየቂያ ሰንጠረዥ ከወረዳ ወደ ዞን ሲተላለፍ አንድ ሳምንት ቢዘገይ የወረቀት መዘግየት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ዝናም ጸሓፊን አይጠብቅም፤ ዘሩ ወቅቱ ካለፈ በኋላ የደረሰው ገበሬ የሚያጣው የዓመት ቀለቡን ነው። ስለዚህ መዝገብ የሚፈጥንበትን ዘዴ ማወቅ የጸሓፊ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሹምም ጉዳይ ነው።

ዳን ብሪክሊን የተባለው አሜሪካዊ በሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ሲማር፤ መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንዱን ቁጥር ባረመ ጊዜ የተከተሉትን ሁሉ እየደመሰሰ እንደ ገና ሲጽፍ አየ። ከባልንጀራው ከቦብ ፍራንክስተን ጋራ ሆኖ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1979 ዓ. ም. ቪዚካልክ የተባለውን የኮምፒዩተር ሰንጠረዥ አወጣ። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የምንሠራበት ኤክሴል የዚያው ዓይነት ነው። እንግዲህ ይህ መሣሪያ የተፈጠረው ደጋግሞ ከመጻፍ ለመዳን ሲሆን፤ አያሌዎቻችን እንደ ወረቀት ብቻ እንሠራበታለን። እኔም ራሴ አስቀድሞ በመደመሪያ መኪና ደምሬ ድምሩን በኤክሴል ላይ እጽፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማርሁት አራቱን እነሆ።

፩ኛ፤ ስለ ስም አጻጻፍ። አንዱ ጸሓፊ «ሐሙሲት» ብሎ በሐመሩ ሐ፤ ሌላው «ሀሙሲት» ብሎ በሃሌታው ሀ ቢጽፍ፤ ለእኛ አንድ ስፍራ ነው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት ነው፤ ድምሩንም ለሁለት ይከፍለዋል። መድኃኒቱ የቀበሌዎቹን ስም በአንድ ስፍራ አንድ ጊዜ አጥርቶ ጽፎ፤ «ዳታ» ከሚለው ክፍል «ዳታ ቫሊዴሽን» ብሎ «ሊስት» የሚለውን መምረጥና ወደዚያው ዝርዝር ማመልከት ነው። ከዚያ በኋላ ጸሓፊው ስሙን ከዝርዝሩ ይመርጣል እንጂ እንደ ወደደ አይጽፍም።

፪ኛ፤ ስለ ቀን። ኤክሴል በተለመደው አሠራሩ በቀን መልክ የተጻፈውን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ይተረጕማል። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን «30/2/2017» ብለን ብንጽፍ፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ቃል ይተወዋል። እንደ ቀን የተቀበላቸውን ግን የአውሮጳ ቀን ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ሰንጠረዡ በቀን ሲደረደር ይዘበራረቃል። ይህን ለማስወገድ ቀኑን፤ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት ዓምድ ለይቶ በቁጥር መጻፍ ይገባል፤ ወሩም ከ1 እስከ 13 ይሁን።

፫ኛ፤ ባዶ ስፍራን ስለ መሙላት። ብዙ ጊዜ የወረዳው ስም በመጀመሪያው መስመር ብቻ ተጽፎ ከሥሩ ያለው ባዶ ሆኖ ይመጣል። መቶውን መስመር በእጅ መሙላት አያስፈልግም። ዓምዱን መርጦ «ኤፍ 5» የሚለውን ቁልፍ መጫን፤ «ስፔሻል» ብሎ «ብላንክስ» የሚለውን መምረጥ፤ የእኩል ምልክት (=) ጽፎ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት መንካት፤ በመጨረሻም «ኮንትሮል»ንና «ኢንተር»ን ባንድነት መጫን ነው። ባዶው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ነገር ግን ኋላ ሰንጠረዡ ሲደረደር ስሞቹ እንዳይዛወሩ፤ ዓምዱን ገልብጦ በዚያው ላይ «ቫልዩስ» በሚለው መለጠፍ ያስፈልጋል።

፬ኛ፤ ኪሎን ወደ ኩንታል ስለ መለወጥ። በአንድ ባዶ ስፍራ 100 ጽፎ መገልበጥ፤ የኪሎዎቹን ቁጥሮች መምረጥ፤ «ፔስት ስፔሻል» ብሎ «ዲቫይድ» የሚለውን መምረጥ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ለመቶ ይካፈላል። ሁለት ጊዜ ያደረገው ግን የወረዳውን እህል መቶ እጅ ስለሚያሳንስ፤ ሥራው ሲፈጸም የዓምዱ ራስጌ ወዲያው «ኩንታል» ተብሎ ይታረም፤ ዋናውም መዝገብ አስቀድሞ በቅጂ ይቀመጥ።

ክቡራን ሆይ፤ የቀበሌው ዝርዝርና የቀኑ ዓምድ በየወረዳው የተለያየ እንደ ሆነ ዞኑ እንደ ገና ለማረም ይገደዳል። ስለዚህ በግዛታችሁ ያሉት ጸሓፊዎች ሁሉ በአንድ ዓይነት ሰንጠረዥ እንዲሠሩ ማዘዝ የእናንተ ፈንታ ነው። ትእዛዙም አሁን፤ የዘሩ መጠየቂያ ሳይጀመር ይሰጥ፤ በመዝገብ ላይ የተረፈው ቀን ለገበሬው የዘር ቀን ነውና።