የሕንፃዎች የኃይል አጠቃቀም ምስክር ወረቀት ከትምህርት ቤቶች አንጻር

አንድ ሕንፃ በዓመት ውስጥ የሚፈጀው ኃይል ተለክቶና ከመሰሎቹ ጋር ተነጻጽሮ ደረጃ ሲሰጠው፣ ይህን የሚገልጸው ሰነድ የኃይል አጠቃቀም ምስክር ወረቀት ይባላል። አሠራሩ በአውሮፓ በስፋት የተሠራጨው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ካወጣው መመሪያ በኋላ ነው። በእንግሊዝ አገር ሕዝብ የሚገለገልባቸው የመንግሥት ሕንፃዎች ከ2008 ጀምሮ ምስክር ወረቀቱን በግልጽ ቦታ እንዲለጥፉ ተደንግጓል። ግዴታው በመጀመሪያ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ስፋት ያላቸውን ሕንፃዎች ብቻ ይመለከት ነበር፤ በ2015 ግን ከ250 ካሬ ሜትር በላይ ወደ ሆኑት ወርዷል። ትምህርት ቤቶችም ከእነዚሁ መካከል ይገኛሉ።

በኢትዮጵያም የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ብቃትና ቁጠባን በሕግ ሥር አስገብቷል። ሆኖም የውጭውን መለኪያ እንዳለ መቅዳት ያሳስታል። በሰሜን አውሮፓ ዋናው ፍጆታ የብርድ ወራት ማሞቂያ ነው። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ብርዱም ሆነ ሙቀቱ የበረታ አይደለም። በሚገባ የታቀደ ሕንፃ ያለ ማሞቂያና ያለ ማቀዝቀዣ ሊያገለግል ይችላል።

ለዚህ የአራዳና የፒያሳ ነባር ሕንፃዎች ምሳሌ ይሆናሉ። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ለሌሊቱ ያቆያል፤ ከፍ ያለው ኮርኒስ የሞቀው አየር ከሰው በላይ እንዲወጣ ያደርጋል፤ በረንዳውም ፀሐይ ግድግዳውንና መስኮቱን በቀጥታ እንዳትመታ ይከላከላል። በአንጻሩ የምዕራብ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ከሰዓት በኋላ ስለሚግል ማቀዝቀዣ ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በርካታ ነባር ቤቶች ፈርሰዋል። ስለሆነም የቀሩት ሕንፃዎች አሠራርና ፍጆታ ሳይለካ እንዳይቀር ማሰብ ተገቢ ነው።

ስሌቱ ለማንም መምህር አይከብድም፤ የዓመቱ ኪሎዋት ሰዓት ለወለሉ ስፋት ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል፣ እያንዳንዳቸው 1,500 ካሬ ሜትር ወለል ያላቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች አሉ እንበል። አንደኛው በዓመት 30,000፣ ሁለተኛው 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጁ፣ ውጤታቸው በካሬ ሜትር 20 እና 8 ይሆናል። በቁጥሩ ብቻ ከተፈረደ ሁለተኛው ይበልጣል። ነገር ግን በሁለተኛው ትምህርት ቤት ግማሹ አምፖል ተቃጥሎ ከሆነና ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች ሰሌዳውን ለማየት የሚቸገሩ ከሆነ፣ የታየው እጦት እንጂ ቁጠባ አይደለም። ከዚህም የተነሣ የፍጆታው ቁጥር ምንጊዜም ከብርሃኑና ከአየሩ ሁኔታ ጋር አብሮ መነበብ ይኖርበታል።

ቆጣሪ የማያሳየው ፍጆታም አለ። ለተማሪዎች ምገባ የሚነደው ማገዶና ከሰል፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚፈጀው ናፍጣ ካልተመዘገቡ ሒሳቡ ጎዶሎ ይሆናል።

ሥራው ለማስተማሪያም ያገለግላል። ተማሪዎች በየወሩ በተወሰነ ቀን ቆጣሪውን ቢያነቡ፣ የክፍሎቹን ወለል በሜትር ቢለኩና ውጤቱን በሰንጠረዥ ቢያሰፍሩ፣ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት ከአካባቢያቸው ኑሮ ጋር ይገናኛል። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በሚገኝበት በአራዳ፣ የልዩ ልዩ ዘመን ሕንፃዎች ጎን ለጎን ስለሚታዩ ለማነጻጸር ያመቻል።

የዕቅድ አውጪዎች ድርሻ ደግሞ ከግንባታው በፊት ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ሕንፃ የራሱ ቆጣሪ እንዲገባለት፣ የመማሪያ ክፍሎች መስኮትም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲዞር በንድፉ ላይ መወሰን ይገባል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ የመስኮትን አቅጣጫ ማስተካከል አይቻልም፤ የዚያ ስሕተት ዋጋም በየወሩ የመብራት ሒሳብ ሆኖ ይከፈላል።