ርካሹ ኪቦርድ መልሶ ይወደዳል

ልጁን ፒያኖ ሊያስተምር የተነሳ ወላጅ መደብር ሲገባ ቀድሞ የሚያየው የካርቶኑን ጽሑፍ ነው። “400 ድምፅ፣ 77 ሪትም” የሚል ቁጥር ዓይን ይስባል፤ ሻጩም የሚያሞግሰው ይህንኑ ነው። ሸማቹ ቁጥሩን ከዋጋው ጋር አመዛዝኖ፣ ረከሰ ያለውን ከፍሎ ይወጣል። ልጁ ግን የሚማረው በጣቱ ነው፤ ስለ ጣት ደግሞ ቁጥሩ የሚናገረው ነገር የለም።

ይህ ስህተት ድሮም የነበረ ቢሆንም ዛሬ ኪስ ይጎዳል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከመደረጉ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በውጭ ገበያ 200 ዶላር የሚያወጣ ኪቦርድ ያኔ 11,400 ብር ነበር። በ100 ብር ሂሳብ ብቻ 20,000 ብር ይሆናል፤ ማጓጓዣ፣ ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት። በመሆኑም ተሳስቶ ገዝቶ በድጋሚ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ሆኗል።

የካሲዮ ሲቲ-ኤስ200 እና ሲቲ-ኤስ300 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም 61 ቁልፍ፣ 400 ድምፅና 77 ሪትም ስላላቸው መንትያ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ኤስ300 የጣትን ኃይል ይለያል፤ ቀስ ብለው ሲነኩት ዝግ፣ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ጎላ ይላል። ኤስ200 ግን ቢነኩትም ቢመቱትም ድምፁ ያው ነው። በያማሃ በኩልም ፒኤስአር-ኢ373 የጣትን ኃይል ሲለይ፣ ፒኤስአር-ኢ273 አይለይም። ፒያኖ ስሙን ያገኘው ዝግም ጎላም ብሎ መጮህ በመቻሉ ነው። በማይለይ ቁልፍ የለመደ ልጅ እውነተኛው ፒያኖ ፊት ሲቀርብ ጣቱን እንደ አዲስ መግራት ይኖርበታል።

ሸማቹ እዚያው መደብር ውስጥ ጥቂት ነገሮችን መፈተሽ ይችላል። በመጀመሪያ አንዱን ቁልፍ በቀስታ፣ ከዚያም በኃይል መጫን ነው። ሁለተኛው ማስመሪያ ነው፤ ተከታታይ 7 ነጭ ቁልፎች በስፋት 16.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልሞሉ ዕቃው ወደ መጫወቻ ያደላል። ፒያኖ 88 ቁልፍ ቢኖረውም ለጀማሪ 61 ይበቃል፤ 49 እና 37 ግን ቶሎ ይጠባሉ። የፔዳል መሰኪያ መኖሩም ይታይ።

ከውጭ በሰው እጅ ለሚመጣ ዕቃ ደግሞ አዳፕተሩ መነበብ አለበት። የአሜሪካ መብራት 120፣ የጃፓን 100 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። አዳፕተሩ “100-240” የማይል ከሆነ ሳይሰኩ በፊት መቀየር ይበጃል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ ድንጋይ መሥራቱም ቁም ነገር ነው፤ ሁለቱ የካሲዮ ኪቦርዶች በ6 ድንጋይ ይሠራሉ።

ለነጋዴውም ሂሳቡ ግልጽ ነው። ካርቶኑን ከማንበብ ይልቅ ቁልፉን አስነክቶ የሸጠለት ደንበኛ፣ ልጁ ሲጎብዝ ባለ 88ቱን ፍለጋ ተመልሶ ይመጣል። በሦስተኛው ወር አልጋ ሥር የገባ ኪቦርድ ግን ሌላ ገዢ አይጠራም።