የካርቱም ራክሻና የኋላ ሞላው

በካርቱም፣ በባሕሪና በኦምዱርማን የውስጥ ሰፈሮች ሰውንና ዕቃን የሚያመላልሰው፣ ሱዳናውያን ራክሻ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ባጃጅ የሚሉት ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ፣ ለአሸዋና ለኮረብታ ከሚሠራው ባለ አራት ጎማ ኳድ ሞተር ሳይክል አጠገብ ሲታይ ቀላልና ርካሽ መሣሪያ ይመስላል፤ በኋላ ሰስፔንሽኑ ላይ፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን ከሻንሲው ጋር አገናኝቶ የመንገዱን ምት በሚቀበለው ክፍል ላይ የተጣለው ኃላፊነት ግን ከኳዱ የከበደ ነው። የራክሻ የኋላ ሞላ ሲመረጥ መታየት ያለበት የተሳፋሪው ምቾት ብቻ ሳይሆን፣ ከምቾቱም አስቀድሞ፣ ተሽከርካሪው ሦስት ሰው ጭኖ መታጠፊያውን ሳይገለበጥ ማለፍ መቻሉ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የሁለቱን ተሽከርካሪዎች አሠራር ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። እንደ ያማሃ ራፕተር 700 ባሉት የስፖርት ኳዶች ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ሲሆን፣ አክስሉን የሚሸከመው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚንቀሳቀስ አንድ ጠንካራ ክንድ፣ ክንዱን የሚደግፈው ደግሞ መሐል ላይ የቆመ አንድ ሞላና አንድ ሾክ አብዞርበር ነው። ክንዱ ወደ ጎን ስለማይጠማዘዝ የኳዱ አካል ከኋላ አክስሉ ተለይቶ ሊያዘነብል አይችልም፤ በዚህም ምክንያት የኳድ ባለቤት የኋላ ሞላውን ለልስላሴ ሲል እንደልቡ ሊመርጥ ይችላል። በራክሻ ላይ ግን እያንዳንዱ የኋላ ጎማ የራሱ ክንድ፣ የራሱ ሞላና የራሱ ሾክ አብዞርበር አለው፤ የፊቱ ብቸኛ ጎማ ደግሞ በመሐል መስመር ላይ ስለሚገኝ ወደ ጎን ለሚመጣ ማዘንበል የሚሰጠው መቋቋም የለም። ስለዚህ ሾፌሩ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ የሚገፋውን የተሳፋሪዎች ክብደት በሙሉ የሚመክተው የቀኙ የኋላ ሞላ ነው፤ እርሱ ከደከመ አካሉ ወደዚያው ወገን ይጋደላል፣ የክብደቱ ማዕከል ወደ ውጭ ይሸሻል፣ የግራው ጎማም ከመሬት ለመነሳት ይቃረባል። ባለ ሦስት ጎማ መሆን የሚያስከትለው ይህ ችግር በከተማ መንገድ ላይ ብቻ የታየ አይደለም፤ ሆንዳ በ1970 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበውና ከትልልቅ ለስላሳ ጎማዎቹ በቀር ምንም ሞላ ያልነበረው የአሸዋ ሞተር ሳይክል የከፈተው የባለ ሦስት ጎማ ዘመን፣ የአደጋው ብዛት አሳሳቢ በመሆኑ አምራቾቹ በ1988 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት አብቅቷል፤ አዲስ ሽያጩም ቆሞ ገበያው ሙሉ በሙሉ ለባለ አራት ጎማው ተለቅቋል።

ሞላ ደካማ ሆኖ ሲገኝ በየጋራዡ ፈጥኖ የሚመጣው መፍትሔ ወፍራም ሞላ መግጠም ነው፤ ይህ መፍትሔ ትክክል የሚሆነው ውፍረት ምን ያህል እንደሚለውጥ ለሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው። የጥቅልል ሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር የሚያድገው በአራተኛ ኃይል፣ ማለትም ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው መጠን ስለሆነ፣ የቀለበቱ ስፋትና የጥቅልሉ ብዛት ሳይለወጥ ሽቦው ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 11 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ጥንካሬው 46 በመቶ ያድጋል። ሦስት ተሳፋሪዎች በድምሩ 200 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፣ ክብደታቸውም በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ያርፋል ቢባልና ቀጭኑ ሞላ በዚህ ጭነት 5 ሴንቲ ሜትር የሚሰምጥ ቢሆን፣ ወፍራሙ የሚሰምጠው 3.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ይምሰል እንጂ፣ ራክሻው ባዶውን ሲመለስ ኋላው እንደ ደረቅ ግንድ ይዘላል፤ የሚዘል ጎማ ደግሞ መሬት ስለማይዝ ፍሬኑም ሆነ መሪው በሚፈለግበት ሰዓት አይታዘዝም።

ከዚህ የባሰው የሞላን ጥቅልል መቁረጥ ነው። ስምንት የሚሠሩ ጥቅልሎች ካሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥ ቀሪው 14 በመቶ ያህል ይጠነክራል፤ ነገር ግን ቁመቱ ስለሚያጥር ተሽከርካሪው ዝቅ ይላል፣ ክንዱም ማረፊያ ላስቲኩን ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ በመቀመጫው ላይ ተስተካክሎ ስለማያርፍ በጊዜ ብዛት ሞላውም መቀመጫውም ይጎዳሉ። በአንድ ወገን ብቻ ሞላ መለወጥም ከዚህ የማይተናነስ ስሕተት ነው፤ በግራና በቀኝ ያልተመጣጠነ ጥንካሬ ያለው ራክሻ ወደ አንዱ አቅጣጫ ሲታጠፍ ደኅና፣ ወደ ሌላው ሲታጠፍ አደገኛ ይሆናል፤ ሾፌሩ ደግሞ በደኅናው መታጠፊያ ላይ የለመደውን ፍጥነት ይዞ ወደ አደገኛው ይገባል። ሞላ ሁልጊዜ በጥንድ ይለወጣል።

ሞላው ጭነቱን ሲሸከም፣ ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን ንዝረት ወደ ሙቀት በመለወጥ ያበርደዋል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ስላላቸው የደከመ ሾክ አብዞርበር በጠንካራ ሞላ አይካስም፤ እንዲያውም ጠንካራ ሞላ ሲለቀቅ በበለጠ ኃይል ስለሚመለስ የበለጠ ማርገቢያ ይፈልጋል። በካርቱም ይህ ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው በሚያዝያና በግንቦት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፈው የቀን ሙቀት ሲሆን፣ በሥራ ብዛት የጋለው ዘይት በዚህ ሙቀት ላይ ይበልጥ ስለሚቀጥን የማርገብ ኃይሉን ያጣል። ሁለተኛው ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ነው፤ ደቃቁ አቧራ በዘንጉ ላይ ተለጥፎ ወደ ላስቲክ ማኅተሙ ይገባል፣ ዘንጉን ይፍቃል፣ ማኅተሙንም ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱ መውጣት ይጀምራል። ምልክቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፦ በሾክ አብዞርበሩ አካል ላይ አቧራው በደረቅ ዱቄት ፈንታ ጥቁርና ቅባታም ቀለበት ሠርቶ ከተገኘ ዘይት እየፈሰሰ ነው። ራክሻውን ከኋላ በኃይል ተጭኖ መልቀቅም ይቻላል፤ ጤናማ ከሆነ አንድ ጊዜ ተነስቶ ይረጋል፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከዋለለ ግን ሾክ አብዞርበሩ አልቋል።

መሬቱም የየራሱ ጠባይ አለው። ከኦምዱርማን በስተ ምዕራብ ያሉት ሰፈሮች አሸዋና ጠጠር የሚበዛባቸው ሲሆኑ፣ ከካርቱም በስተ ደቡብ ወደ ጀዚራ የሚዘረጋው ሸክላ አፈር ደግሞ በክረምት ዝናብ ጭቃ ሆኖ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ባልተነጠፈ ደረቅ መንገድ ላይ የጎማ ምት ራሱ የሚፈጥራቸው ተከታታይ ጉብታዎች ለሾክ አብዞርበር እጅግ ከባዱ ፈተና ናቸው፦ ጉብታዎቹ በ70 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቢደረደሩና ራክሻው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጎማው በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ይመታል። የሾክ አብዞርበሩ የመመለሻ መቋቋም ከልክ በላይ ከሆነ ጎማው ከአንዱ ምት ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፣ ሞላውም እየተጨመቀ ይቀራል፤ የስፖርት ኳድ ባለቤት ይህን በማስተካከያ ብሎን ያላላዋል፣ ለራክሻ ሾፌር ግን የቀረው ብልሃት ፍጥነት መቀነስ ነው። በአሸዋ ላይ የጎማ ነፋስ ማጉደል የሚለው የኳድ ነጂዎች ልማድም ለራክሻ እንዳለ አይሠራም። የኳድ ሰፊ ጎማ በ5 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ እንዲሠራ የተሠራ ነው፤ በ8 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገጠመው የራክሻ ጠባብ ጎማ ግን ነፋሱ ሲጎድል በቸርኬው ላይ ይሽከረከርና የካላማዳሪያውን ቫልቭ ይቆርጠዋል፤ በመታጠፊያ ላይም ጎኑ ይታጠፋል።

የሞላውን ሁኔታ ለመፈተሽ የሚያስፈልገው ሜትርና ደልዳላ መሬት ብቻ ነው። በመጀመሪያ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት እስኪነሱ ራክሻው ይነሳና ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል፤ ቀጥሎ ባዶውን መሬት ላይ ቆሞ፣ በመጨረሻም ዘወትር የሚጭነውን ሰው ጭኖ በሁለቱም ጎን ይለካል። ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ከማረፊያ ላስቲኩ በፊት በቂ የመስመጫ ርቀት ካልቀረው ሞላው ደክሟል፤ ባዶውን ሲቆም ከተነሳበት ከፍታ ምንም ያህል ካልወረደ ከልክ በላይ ጠንክሯል፤ የግራና የቀኙ ልኬት ከተለያየ ደግሞ አንዱ ሞላ ቁመቱን ጥሏል ወይም የአንዱ ክንድ ጎሚኒ አልቋል።

ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ ላይ የወረደው ጦርነት ብዙ ሰው በትኗል፤ በደይምና በሌሎች ሰፈሮች ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወጥተዋል። በዚህ ዓይነት ጊዜ ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት የሚገደድ ሰው ሁለቱን ሞላዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቁሞ ቁመታቸውን ሳያመሳስል፣ ሽቦው ላይ ዝገት የበላው ጉድጓድ ወይም ስንጥቅ አለመኖሩንም በጣቱ ዳስሶ ሳያረጋግጥ ገንዘቡን አያውጣ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነም ወፍራሙን ሞላ ትቶ ጥንድ ሾክ አብዞርበርና የክንዶቹን ጎሚኒ ይለውጥ።